አዲስ ስቴሽን ዋገን በወር ኪራይ፤ ርካሽነቱ በምን ይታወቃል?

ከእኛ መካከል በሚመጡት ሁለት ዓመታት የሚመረቁት ተማሪዎች ሁሉ በከተማ ውስጥ ሥራ አያገኙም። የታሪክ ተማሪው የገዳም መዛግብት ሲፈልግ፣ የቋንቋው ተማሪ ቃል ሲሰበስብ፣ የማኅበራዊ ኑሮ ተማሪው በየገጠሩ መጠይቅ ሲያዞር ከአስፋልት መውጣቱ አይቀርም። ከአስፋልት የወጣ ሁሉ ደግሞ፣ በተለይ በክረምት፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ፎር ዊል» የሚለውን፣ አራቱም ጎማ የሚጎትተውን መኪና መፈለጉ ግድ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛ ድርጅት ጥቂት ነው፤ የሚከራየው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ፣ ገና ደመወዙን ሳይለምድ፣ የኪራይ ውል ቀርቦለት «እዚህ ላይ ይፈርሙ» መባሉ የማይቀር ነው።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ቤተ ዘመድ ያለን ተማሪዎች እንደምናውቀው፣ በመኪና ሥራ የሚተዳደር ሰው በዚያ ብዙ ነው። ጉምሩኩ እዚያ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ መፈተኛው እዚያ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣውም ከባድ መኪና ወደ ከተማ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። በእነዚህ ሰፈሮች «አዲስ ፎር ዊል በጥሩ ዋጋ በወር ኪራይ ይገኛል» የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ወሬውን ሰምቶ የሚደነቅ ብቻ ሳይሆን ቤቱን አስይዞ የሚፈርምም ሰው አለ። የሚፈርሙት ሰዎች ደግሞ አባቶቻችንና አጎቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የነጋዴ ነው ብለን ከመተው፣ ውሉ በውስጡ ምን እንደሚይዝ የምናውቀውን ያህል ለማስረዳት አስበናል።

በመጀመሪያ «ኪራይ» የሚለው ቃል ብቻውን እንደሚያሳስት መታወቅ አለበት። በእኛ ቋንቋ አንድ ሰው ለሦስት ቀን መኪና ወስዶ ቢመልስም ተከራየ ይባላል፤ ለሦስት ዓመት ይዞ ቢመልስም ተከራየ ይባላል፤ በየወሩ እየከፈለ በመጨረሻ ባለቤት የሚሆነውም እንዲሁ ተከራየ ይባላል። ሦስቱ ግን በሒሳብም በሕግም አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው የታወቀ ነገር ስለ ሆነ እናልፈዋለን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደባለቁ ነው ሰው የሚጎዳው።

ሁለተኛውን ዓይነት፣ ማለት መኪናውን ለረጅም ጊዜ ይዞ የመመለሱን ኪራይ፣ በደንብ ያደራጁት አሜሪካውያን ናቸው። በ1952 እ. ኤ. አ. በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ኩባንያ ተቋቁሞ መሣሪያ እየገዛ ለፋብሪካዎች ማከራየት ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰው ትርፍ የሚያገኘው መሣሪያውን በመሥራት እንጂ የመሣሪያው ባለቤት በመሆን አይደለም የሚል ነው። በኋላ ይኸው ሐሳብ ወደ መኪና ተሻገረና ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው አዲስ መኪና የሚይዘው ሳይገዛ በዚህ መንገድ ነው።

የወር ኪራዩ እንዴት እንደሚወጣ እንይ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሒሳብ ይፈራል የሚባለውን ሐሜት እያወቅን ነው ይህን የምንጽፈው፤ ሒሳቡ ግን ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ አዲስ ስቴሽን ዋገን 6,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ኪራዩ ለ36 ወር ነው። ከ36 ወር በኋላ መኪናው 4,200,000 ብር ይሸጣል ተብሎ ተገምቷል። እንግዲህ ተከራዩ በመጀመሪያ የሚከፍለው ያለቀውን ነው፤ 1,800,000 ብር ለ36 ሲካፈል በወር 50,000 ብር ይሆናል። ሁለተኛም የአከራዩ ገንዘብ በመኪናው ውስጥ ታስሮ ስለ ከረመ ወለድ ይጠይቃል። በመካከል የታሰረው ገንዘብ 5,100,000 ብር ነው፤ በዓመት 12 በመቶ ቢታሰብ በወር 51,000 ብር ይመጣል። ሁለቱ ተደምረው 101,000 ብር። ሌላው ሁሉ፣ ግብሩም የአከራዩም ትርፍ፣ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

ከዚህ የሚታየው ዋና ነገር፣ ተከራዩ መኪናውን እንደማይከፍል ነው። የሚከፍለው የመኪናውን ማርጀትና የገንዘቡን ወለድ ነው። መኪናው ቶሎ ዋጋ የሚጥል ከሆነ ኪራዩ ይወደዳል፤ ዋጋውን የሚጠብቅ ከሆነ ኪራዩ ይረክሳል። በእነዚያ አገሮች እንደ ላንድ ክሩዘር ያለ መኪና በመግዣው ውድ ሆኖ ሳለ በኪራይ የማይጠበቅ ቅናሽ የሚገኝበት ምክንያት ይኸው ነው፤ አሮጌውም ፈላጊ አለውና።

አሁን «ጥሩ ዋጋ» የሚባለው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በወር 101,000 ብር ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ የለም፤ ሰው ይሸሻልና። ስለዚህ «በወር 51,000 ብር ብቻ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ በታች በትንሹ ደግሞ ሲፈርሙ 1,800,000 ብር ቅድሚያ እንደሚከፈል ይጠቀሳል። አንባቢ እንደሚያየው ያ ቅድሚያ ክፍያ የ36 ወሩ ማርጀት በሙሉ ነው። ማርጀቱ ከተከፈለ የቀረው ወለድ ብቻ መሆን ይገባው ነበር፤ ያውም በ4,200,000 ብር ላይ የሚታሰብ፣ ማለት በወር 42,000 ብር። ነገር ግን የተጠየቀው 51,000 ብር ነው። ይህም ማለት ሰውዬው ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ ስለ ከፈለው ገንዘብ ደግሞ በየወሩ 9,000 ብር ወለድ ይከፍላል። ይህን ለማግኘት የኤኮኖሚክስ ትምህርት አያስፈልግም፤ ቅድሚያ ክፍያውን ለወሩ ቁጥር ማካፈልና ከወር ኪራዩ ጋር መደመር በቂ ነው።

ሌላው የኪሎ ሜትር ገደብ ነው። ውሉ በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ብሎ ይወስንና ከዚያ በላይ ለሚነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ያስከፍላል። በከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ጎንደር ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ሲታሰብ የዓመቱ ድርሻ ከዐሥራ አራት ምልልስ አያልፍም። ፎር ዊል የሚከራይ ሰው የሚከራየው ለሩቅ መንገድ ሆኖ ሳለ በገደቡ ላይ ሳይከራከር መፈረሙ የሚገርም ነው። መኪናው ሲመለስ «ከተገቢው በላይ ተጎድቷል» የሚባለውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የኮረት መንገድ የፋቀውን ቀለም ተገቢ ነው የሚል አከራይ እስካሁን አልሰማንም።

እስከዚህ የተናገርነው መኪና እያረጀ ዋጋው በሚወርድበት አገር ያለውን ነው። በእኛ አገር ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛውን መኪና ዛሬ ከገዛበት ዋጋ በላይ በብር ይሸጠዋል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። አንደኛው ቀረጡ ነው። በ2012 ዓ. ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መሠረት ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ የቤት መኪና 100 በመቶ ኤክሳይዝ ተጣለበት። ፎር ዊል የምንለው በነዳጅ የሚሠራው መኪና ደግሞ አብዛኛው ከዚህ በላይ ነው። ከኤክሳይዙ በፊት 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ከእርሱ በኋላ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ እየተደራረበ ሲታሰብ፣ ወደብ ላይ 100 ብር የነበረው ዕቃ ከቃሊቲ ጉምሩክ ሲወጣ 341 ብር ከምናምን ይሆናል። ያገለገለ መኪና አስመጥቶ ከዚህ ማምለጥም አይቻልም፤ ያው አዋጅ በጣም ባረጁት ላይ ኤክሳይዙን እስከ 500 በመቶ አድርሶታልና።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ. ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያግድ አውቶሞቢል ከእነርሱ አንዱ ነበር። በጥር 2016 ዓ. ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። ይህን ሁሉ ያየ የመኪና ባለቤት መኪናውን እንደሚያረጅ ዕቃ ሳይሆን እንደ ወርቅ መቁጠሩ አይፈረድበትም። የኤሌክትሪክ መኪና በ2014 ዓ. ም. ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ መደረጉ በከተማ ብዙ ነገር ለውጧል፤ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ወረዳ ግን የድሮው ናፍጣ መኪና ቦታውን አልለቀቀም። እንዲያውም አዲስ ስለማይገባ ያለው ተወደደ።

እንግዲህ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ እንደገና እንሥራው። 6,000,000 ብር የነበረው መኪና ከ36 ወር በኋላ 6,600,000 ብር ቢያወጣ፣ ማርጀት የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም በወር 16,667 ብር ያህል ይጨምራል። ወለዱ በመካከለኛው ዋጋ ሲታሰብ 63,000 ብር ነው። ጭማሪው ቢቀነስለት ተከራዩ የሚከፍለው በወር 46,333 ብር ብቻ መሆን ነበረበት፤ ከመጀመሪያው ሒሳብ ከግማሽ በታች! ታዲያ በአዲስ አበባ እንዲህ የሚያከራይ ሰው ለምን አይገኝም? ጭማሪውን ለተከራይ የሚያካፍል ባለ ንብረት ስለሌለ ነው። አከራዩ ኪራዩን የሚያስበው መኪናው እንደሚወርድ አድርጎ ነው፤ መኪናውን የሚረከበው ግን ዋጋው ጨምሮ ነው። በሁለቱም በኩል ያተርፋል። ይህን እንደ ወንጀል አንቆጥረውም፤ ንግድ ነው። ተከራዩ ግን ይህን ሳያውቅ «ጥሩ ዋጋ አገኘሁ» ማለቱ ያሳዝናል።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ቁጥሩ ከሳን ፍራንሲስኮው ዓመት ጋር ተገጣጠመ እንጂ በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ) ተከራይ የተወሰነ ያህል ኪራይ ከፍሎ ባለቤት የሚሆንበትን ውል ከተራ ኪራይ ለይቶ ከሽያጭ ጋር ያየዋል። በ1990 ዓ. ም. የወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 ደግሞ፣ በ2005 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 807 እንደ ተሻሻለ፣ ለኪራይ ኩባንያዎች መንገድ ከፈተ፤ ተቆጣጣሪያቸውም ብሔራዊ ባንክ ሆነ። ነገር ግን ይህ አዋጅ የሚናገረው ለምርትና ለአገልግሎት ሥራ ስለሚውል ዕቃ ነው፤ ትራክተር፣ የፋብሪካ መሣሪያ፣ የሥራ መኪና። ሰው ለራሱና ለቤተ ሰቡ በወር እየከፈለ አዲስ ስቴሽን ዋገን ልያዝ ቢል አዋጁ ለእርሱ የታሰበ አይደለም። ወለድ በማይከፈልበት የባንክ ሥራ ውስጥ «ኢጃራ» የሚባለው ውል ለዚህ ይቀርባል፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ያከራያል፣ ባለቤትነቱም በመጨረሻ በሌላ ስምምነት ይተላለፋል። ከዚህ ውጭ ያለው ግን በግለሰብና በግለሰብ መካከል የሚጻፍ ውል ነው፤ እርሱም እንደ ጸሐፊው ነው።

ከእንዲህ ያለው ውል አንዱን ለማየት ዕድል አግኝተናል። በቃሊቲ የምናውቃቸው አንድ አባት አሉ፤ ዕድሜያቸውን በአሰብና በጅቡቲ መንገድ በከባድ መኪና ነጂነት ያሳለፉ ናቸው። አሁን ጕልበታቸው ስለ ደከመ፣ ፎር ዊል ይዘው ለፕሮጀክት እያከራዩ ለመኖር አሰቡ። አንድ ደላላ «የኪራይ ውል» የሚል ርእስ ያለው ወረቀት አመጣላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ቢያደርጉም የፊደሉ ማነስ ስላስቸገራቸው፣ «እስቲ እናንተ የተማራችሁት አንብቡልኝ» ብለው ሰጡን።

የ36ቱን ወር ክፍያ ደመርነው። ድምሩ በውሉ ከተጻፈው ከመኪናው ዋጋ በለጠ። እንግዲያውስ ይህ ኪራይ አይደለም፣ ሽያጭ ነው አልን፤ ሽያጭ ከሆነም ባለቤትነቱ ወዴት እንደሚሄድ ፈለግን። አገኘነው፤ «ተከራይ ክፍያውን በሙሉ ሲያጠናቅቅ መኪናው በስሙ ሊተላለፍ ይችላል» ይላል። «ይተላለፋል» አይልም፤ «ሊተላለፍ ይችላል» ነው የሚለው። በሰዋስው ትምህርት ጊዜ የግሥ ነገር ሰልችቶን እናዛጋ የነበርን ሁሉ እዚህ ላይ ነቃን። «ይተላለፋል» ግዴታ ነው። «ሊተላለፍ ይችላል» ግን የአከራዩ ፈቃድ ነው፤ ሊተላለፍም ላይተላለፍም ይችላል። በሁለት ቃል መካከል የአንድ ቤት ዋጋ ተቀምጧል፤ ለውሉ መያዣ እንዲሆን የተጠየቀው የጋሼ የቃሊቲ ቤት ነበርና።

«ጋሼ፣ ይህን ለሰው ለማከራየት አይደል የሚፈልጉት?» አልናቸው።

«አዎ፣ ልጆቼ። እኔ ምን ልሄድበት!»

«እዚህ በዐሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ ተከራይ መኪናውን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት አይችልም ይላል።»

ጋሼ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያ ምኑን ተከራየሁት?» አሉ። ወረቀቱን አጣጥፈው በኪሳቸው ከተቱት። ለደላላው ቃሉ ካልተለወጠ እንደማይፈርሙ ነገሩት፤ ቃሉ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፣ እርሳቸውም አልፈረሙም።

ከዚህ የምንወስደው መመዘኛ አጭር ነው። ክፍያው ሁሉ፣ ቅድሚያውም ጭምር፣ ይደመር። ድምሩ ከመኪናው ዋጋ እጅግ ያነሰ ከሆነ ኪራይ ነው፤ በመጨረሻ መኪናው ቢመለስ ተከራዩ አልተበደለም። ድምሩ ወደ መኪናው ዋጋ ከተጠጋ ወይም ካለፈ ግን ሽያጭ ነው፤ «ይተላለፋል» የሚለው ቃልና የሚተላለፍበት ቀን በውሉ ውስጥ ሊገኝ ይገባል። ከላይ በወሰድነው ምሳሌ፣ ባለቤት የሚያደርገው ክፍያ ወለዱ ተጨምሮ በወር ወደ 197,000 ብር ይደርሳል። ይህን የሚያህል እየከፈሉ «ተከራይ» መባል የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው።

የአከራዩም ስጋት መረሳት የለበትም፤ እርሱ ጠበቅ ያለ ውል የሚጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና ተከራይቶ፣ ሐሰተኛ ሰነድ አሠርቶ ለሌላ የሚሸጥ ወይም በብድር የሚያስይዝ ሰው በከተማችን እንዳለ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1895 እ. ኤ. አ. የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የፈረደው የታወቀ ክርክር አለ፤ ሔልቢ የሚባል ነጋዴ ለአንድ ሰው ፒያኖ በ36 ወር ክፍያ ሰጠው፤ ሰውዬው ክፍያውን ሳይጨርስ ፒያኖውን ወስዶ ማቲውስ ለሚባል በመያዣ አበዳሪ አስያዘው። ፍርድ ቤቱ፣ ተከራዩ በፈለገ ጊዜ ዕቃውን መመለስ ይችል ስለ ነበረ ለመግዛት አልተገደደም፤ ስለዚህ ባለቤቱ አሁንም ሔልቢ ነው ብሎ ፒያኖውን አስመለሰለት። አበዳሪው ገንዘቡንም ፒያኖውንም አጣ። ዛሬም ያለ ሊብሬ መኪና ተቀብሎ የሚያበድር ሰው በማቲውስ ቦታ የቆመ ነው። በእኛ አገር በ2011 ዓ. ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የሚመዘገብበት መዝገብ በብሔራዊ ባንክ ተቋቁሟል፤ ገንዘብ ከመስጠት በፊት እርሱን መጠየቅ ይቻላል።

የቀሩትን ነገሮች በአጭሩ እንጥቀሳቸው። ሊብሬው በማን ስም እንደ ሆነ በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ቅጂው አይበቃም። በተለመደው አጠራር ኮድ 2 ታርጋ ለግል መጠቀሚያ፣ ኮድ 3 ለንግድ ስለ ሆነ፣ ለፕሮጀክት የሚከራይ መኪና የንግድ ታርጋ ሊኖረው ይገባል። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ እርሱ ግን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰው እንጂ የተገለበጠውን መኪና አይደለም። ስለዚህ ሙሉ መድኑን ማን እንደሚከፍል፣ መድን ሰጪው ሲክስ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ፣ መኪናው ቢጠፋ የቀረው ወርኃዊ ክፍያ ይቆም እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቦሎውን፣ ጎማውንና ሰርቪሱን ማን ይሸፍናል የሚለውም ቀላል አይደለም፤ የፎር ዊል ጎማ አራቱ ባንድ ጊዜ ሲቀየር የአንድ ጀማሪ መምህር ደመወዝ የብዙ ወር ይበላልና። ሾፌር አብሮ የሚመጣ ከሆነ አበሉና ማደሪያው በማን ሒሳብ እንደ ሆነ ካልተጻፈ፣ ጠቡ የሚነሣው ደባርቅ ላይ ማታ በሦስት ሰዓት ነው።

ውሉ ሲያልቅም ሁለቱም ወገኖች ወደ ሰፈራችን ሰዎች አጠራር ወደ «ውልና ማስረጃ» ሄደው ቢያስመዘግቡት ይሻላል። እዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ ሰዎቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ የሚፈርሙትም በፈቃዳቸው መሆኑን ያያል። ኪራዩ ተወደደ ወይም ረከሰ ብሎ ግን አይመክርም፤ «ይችላል» የሚለውንም ቃል «ይተላለፋል» ብሎ አያርምላቸውም።